«ፈቃድ»፣ «ይለፍ»፣ «መሸኛ»፦ «ላይሰንስ» የሚለው ቃልና የጎጃም መንገደኛ

(በቁይ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ በመጠኑ የተስተካከለ)

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከደብረ ማርቆስ ድረስ አብራችሁኝ የመጣችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ጥሪውን አክብራችሁ በመገኘታችሁ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ንግግሬ ከአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይነሣል። ቃሉ «ላይሰንስ» ነው። ሾፌሩ «ላይሰንሴን ላሳድስ» ሲል፣ ነጋዴውም «ላይሰንስ ሳላወጣ ሱቅ አልከፍትም» ሲል እንሰማዋለን። አማርኛው «ፈቃድ» ነው፤ የንግድ ፈቃድ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የግንባታ ፈቃድ እንላለን። ሁለቱ ቃላት በቢሮ መስኮት አንዱ በሌላው ቦታ ያለ ችግር ይቆማሉ። ሥራቸው ሲቆፈር ግን የሚናገሩት የተለያየ ነው። ልሟገትለት የምፈልገው ሐሳብ ይህ ነው፦ በአገራችን አንድን ሰው «እለፍ፣ ሥራ፣ አስተምር» ብሎ መፍቀድ ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ያስር የነበረባቸው ሥርዐቶች ነበሩ። ቃሎቻችን ይህን ያስታውሳሉ፤ ቢሮዎቻችን ግን ረስተውታል።

ከቃሉ ልጀምር። «ላይሰንስ» ከላቲን «ሊኬት» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። «ሊኬት» ማለት «የተፈቀደ ነው፣ ይቻላል» ማለት ነው። ሰዋስው የሚወዱ አባቶች እዚህ አሉና አንድ ነገር ላስተውላቸው፦ ይህ ግሥ ባለቤት የለውም። ማን እንደፈቀደ አይናገርም፤ መፈቀዱን ብቻ ይናገራል። ከእርሱ «ሊኬንቲያ» የሚል ስም ወጣ፤ ስሙም በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ገባ። ከዚሁ ቤት «ሌዠር»፣ ማለትም የዕረፍት ጊዜ፣ የሚለው ቃል ተወልዷል፤ ሰው ከሥራው ሲፈቀድለት የሚያገኘው ጊዜ ነውና። ሌላ ልጅም አለው፦ «ላይሰንሸስ»፤ መረን የለቀቀ፣ ልቅ ማለት ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ፈቃድንና ልቅነትን ከአንድ እናት ወልዶ በአንድ ቤት አሳድጓል።

የኛው «ፈቃድ» ከግእዙ «ፈቀደ» ነው። «ፈቀደ» በግእዝ «ወደደ፣ ፈለገ፣ ሻ» ማለት ነው። በአቡነ ዘበሰማያት ጸሎት ውስጥ ያለውን «ፈቃድ» ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ላይ ቃሉ የእግዚአብሔርን መሻት እንጂ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይገልጽም። እንግሊዝኛው ማን እንደፈቀደ ዝም ሲል አማርኛው መጀመሪያ የሚናገረው የሚሻው አካል መኖሩን ነው። ፈቃድ ካለ ፈቃጅ አለ፤ የሚፈልግ፣ ስለዚህም ላይፈልግ የሚችል። በሌላ በኩል ይኸው ቃል የራስን መሻትም ይገልጻል፤ «በፈቃዱ ሄደ»፣ «በጎ ፈቃደኛ» እንላለን። «ፈቃዴ ነው» የሚለው ሰው የሌላውን ወረቀት በኪሱ ስለያዘ አይደለም እንዲህ የሚለው፤ ስለፈለገ ነው። አንዱ ቃል የለማኙንም የተለማኙንም ልብ ይዞ ይዞራል።

ልቅነቱስ? እርሱም አልቀረም። «ፈቃደ ሥጋ» ስንል የእንግሊዝኛውን ሁለተኛ ልጅ አገኘነው። ነገሩ በዚህ አያበቃም። «ይለፍ» እና «እላፊ» ሁለቱም «አለፈ» ከሚለው ግሥ ናቸው፤ በአንዱ በር ይከፈታል፣ በሌላው «እላፊ ተናገረ» ተብሎ ሰው ይወቀሳል። «መልቀቂያ» የምንለው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና «ልቅ» የምንለው ስድብም የ«ለቀቀ» ልጆች ናቸው። ሦስት ጊዜ መደጋገሙ በአጋጣሚ አይመስለኝም። የሚፈቅድ ሁሉ፣ በየትኛውም ቋንቋ፣ ከፈቀደ በኋላ የሚሆነውን ይፈራል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የ«መብት» ነገር ነው። ዛሬ መብትና ፈቃድ ተቃራኒ ናቸው፤ መብት ያለው ፈቃድ አይጠይቅም እንላለን። ነገር ግን የ«መብት» ዘሩ የግእዙ «መባሕት» ነው፤ «አብሐ» ማለት ደግሞ «ፈቀደ፣ ሥልጣን ሰጠ» ነው። «ብውሕ» ሲባል «የተፈቀደ፣ የተፈቀደለት» ነው። እንግዲህ በቋንቋችን «ፈቃድ» ድሮ መሻት ነበር፣ «መብት» ደግሞ ድሮ ፈቃድ ነበር። ቃላቱ አንድ አንድ እርምጃ ተንቀሳቅሰዋል። ዛሬ የቀበሌ ጸሐፊና ባለጉዳይ በመስኮት ተፋጥጠው አንዱ «ፈቃዴ ነው»፣ ሌላው «መብቴ ነው» ሲባባሉ፣ ሳያውቁት የአንድን ግቢ ሁለት በር እየገፉ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። መሻት ብቻውን ሲገዛ ምን እንደሚሆን የሚያሳዩ ሦስት መንገደኞች አሉ።

የመጀመሪያው ፖርቹጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በዐፄ እስክንድር ዘመን መጣ። በክብር ተቀበሉት፤ ርስት ሰጡት፤ ሚስት አገባ። የተከለከለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መመለስ። በዐፄ ናዖድም በዐፄ ልብነ ድንግልም ዘመን ፈቃዱ አልተገኘም። የፖርቹጋል መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1520 ሲደርሱ አግኝተውት በአስተርጓሚነት አገለገላቸው፤ እነርሱም ራሳቸው እስከ 1526 ቆይተው ነው የሄዱት። መግባት የእንግዳው ጉዳይ ነበር፤ መውጣት የንጉሡ።

ሁለተኛው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው፤ እርሱ ወደኛ ምድር ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1769 በምጽዋ ገብቶ በ1770 ጎንደር ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ግሽ ዓባይን አየ። ወደ ምንጩ የሄደው ንጉሡ ግሽን በስም ሹመት ሰጥተውት ነው፤ ማለት የመንገድ ፈቃዱ የሹመት ልብስ ለብሶ ነው የመጣው። ሊወጣ ሲል ግን እንደ ሌሎቹ ደጅ መጥናት ነበረበት።

ሦስተኛው ሆርሙዝ ራሳም ነው። የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1864 ምጽዋ ወርዶ፣ የዐፄ ቴዎድሮስን የመግቢያ ፈቃድ ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቀ። በመጨረሻ በመተማ በኩል ዞሮ መጥቶ በ1866 መጀመሪያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱን እዚሁ ጎጃም፣ ዳሞት ውስጥ አገኛቸው። ተከበረ፤ የታሰሩትን አውሮፓውያን ይዞ እንዲሄድም ተፈቀደለት። በሚያዝያ ወር፣ ጉዞው ሲሰናዳ፣ ፈቃዱ ተሻረና እርሱም ታሰረ፤ የተፈታው ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስ ነው። በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የማነሣው አንዱን ጫፍ ነው። ቴዎድሮስ የሰጡትን የነጠቁት ሕግ ጥሰው አልነበረም። ፈቃድ መሻት ከሆነ፣ መሻት ደግሞ በጠዋትና በማታ መካከል ይለወጣል።

እስካሁን ያየነው የቤተ መንግሥቱን ነው። ከመንገዱ ጎን ቆመን ስናይ ግን ሌላ ሥርዐት አለ፤ እርሱም ፈቃድ ወረቀት ሳይሆን ሰው የነበረበት ሥርዐት ነው።

ወደ ቤተ መንግሥት የመጣ እንግዳ ባልደረባ ይሰጠው ነበር። ዛሬ «ባልደረባ» ማለት አብሮ የሚሠራ ሰው ነው፤ እኔም ንግግሬን ስጀምር የተጠቀምኩበት በዚሁ ትርጉም ነው። በድሮው ሥርዐት ግን ባልደረባ በእንግዳውና በጌታው መካከል የሚቆም፣ ጉዳዩን የሚያስገባና መልሱን የሚያወጣ፣ እንግዳው ቢበደል የሚጠየቅ ሰው ነበር። መንገደኛው ሲነሣም የሚመራውና ለየአገሩ ሹም «ይህ የጌታዬ እንግዳ ነው» የሚል ሰው አብሮት ይሄዳል። መንደሩም ድርጎ ያወጣል፤ እንጀራው፣ ጠላው፣ በጉ። ገበሬው ድርጎን ይወደው ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ሸክሙ የወደቀው በእርሱ ላይ ነው። ቢሆንም ነገሩ ግልጽ ነው፤ እንግዳውን «ይለፍ» ያለው ጌታ፣ የሚያሳልፈው ሰውና የሚያበላው እህል የማዘዝ ግዴታ ገብቷል። ሸኝቶታል። «መሸኛ» የሚለውን ቃል እዚህ ላይ በልባችሁ አስቀምጡልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ለነጋዴው ነገሩ ይከብዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎጃም ትልቁ የንግድ አንጓ ባሶ ነበር። ከጊቤ ማዶ ከእናርያ የሚመጣው ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና፣ ማለፍ የሌለበት ሐቅ ነውና ልናገረው፣ ባሪያ፣ በጉድሩ በኩል ዓባይን ተሻግሮ ባሶ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይቀጥላል። በመንገዱ ሁሉ ኬላ አለ። ጎጃምን ዓባይ በሦስት ወገን ስለከበበው፣ መሻገሪያውን የያዘ ሹም የንግዱን ጉሮሮ ይዟል። በየኬላው ቀረጥ ይከፈላል፤ አንዱ ኬላ የሰጠው «እለፍ» ለቀጣዩ አያገለግልም። ነጋዴው ለዚህ ያገኘው መድኃኒት በብዛት መጓዝና በነጋድራሱ አፍ መነጋገር ነበር። «ነጋድራስ» የነጋዴዎች አለቃ ነው፤ በኋላ ግን፣ በተለይ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ የመንግሥት ቀረጥ ሰብሳቢ ሆነ። አንድ ሹመት ከመንገደኛው ወገን ወጥቶ ወደ በሩ ጠባቂ ወገን እንደተሻገረ ልብ በሉ።

ከኬላ የሚያመልጥ አንድ መንገደኛ ብቻ ነበር፤ የቆሎ ተማሪ። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቦ፣ ከደጃፍ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ከየት መጣህ፣ ማን ፈቀደልህ የሚለው የለም፤ ቢጠይቀው ውሻው ነው። ከዚህ ከደባይ ጥላትግን ተነሥቶ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ወደ ደብረ ኤልያስ፣ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ የሄደ ልጅ ይለፉ ልብሱና ጥሪው ነበር። ይህ ሥርዐት አገር ምድሩን ሁሉ ለተማሪ ክፍት አድርጎት ኖሯል፤ ወረቀት የማያውቅ መንግሥት ስለነበረ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ለመመገብ ግዴታ ስለገባ ነው።

በቅኔ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከሁሉም የሚልቅ የፈቃድ ዓይነት እናገኛለን። እንግሊዞች «የገጣሚ ላይሰንስ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ገጣሚ ለዜማው ሲል ሰዋስው ቢሰብር ይፈቀድለታል ማለታቸው ነው። የጎጃም መምህር ይህን ቢሰማ የሚስቅ ይመስለኛል። በቅኔ ቤት ተማሪው ሲያጎድል እዚያው ይታረማል እንጂ ፈቃድ የሚባል ነገር አያድነውም። (አንዱን ዓይነት አቀኛኘት «ዘረፋ» ማለታችን ግን አይቀርም፤ ዘራፊ ደግሞ ፈቃድ አይጠይቅም።) ተማሪው ዓመታት ቆይቶ፣ ቆጥሮ፣ ነግሮ፣ አገባቡን ጨርሶ ሲወጣ ምን ይባላል? «አስመሰከረ» ይባላል። «ተፈቀደለት» አንልም። መምህሩ መሰከሩለት። ማስተማር የሚችለው መምህሩ ስለሻ አይደለም፤ መቻሉን አይተው ስለመሰከሩ ነው። መስካሪም በምስክርነቱ ይጠየቃል። ያስመሰከረው ሰው ጉባኤ ዘርግቶ ቢሳሳት፣ የሚነሣው ጥያቄ «ከማን ነው የተማረ?» የሚል ነው፤ የመምህሩ ስም አብሮ ይወቀሳል።

አውሮፓም ተመሳሳይ ነገር ነበራት፤ መንገዱ ግን ወደ ሌላ ወሰደ። በመካከለኛው ዘመን ዩኒቨርሲቲዎች የማስተማር መብት «ሊኬንቲያ ዶኬንዲ»፣ የማስተማር ፈቃድ፣ ይባል ነበር፤ በፓሪስ የሚሰጠው የኖትር ዳም ካቴድራል ቻንስለር ነው። መምህራኑ ሳይሆኑ አንድ ባለሥልጣን በሩን ያዘ። በሩን የያዘ ደግሞ ማስከፈሉ አይቀርም። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ1179 የተሰበሰበው ሦስተኛው የላተራን ጉባኤ፣ ለማስተማር ፈቃድ ገንዘብ መጠየቅን የከለከለው፤ ብቁ ለሆነ ሰው መንፈግንም እንዲሁ። በ1219 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆኖሪየስ ሦስተኛ በቦሎኛ ሊቀ ዲያቆኑ ሳይፈቅድ ማንም ማስተማር እንዳይጀምር አዘዙ። የዛሬው ዲግሪ፣ የኔው ዶክትሬት ጭምር፣ የዚያ ወረቀት የልጅ ልጅ ነው። እንግዲህ እኛ ምስክር ስንል እነርሱ ፈቃድ ይሉ ነበር፤ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ስንከፍት የነርሱን ይዘን የኛን በደብሩ ተውነው።

ወረቀት ወደኛ እንዴት ገባ የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ማኅተም ጥንትም ነበር፤ ማኅተሙንም የያዘው ጸሐፌ ትእዛዝ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፣ የማኅተሙ ባለቤት ከአንድ ሰው ወደ ብዙ ቢሮ መባዛት ጀመረ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ከመኪናው ጋር ቃላትን ትቶልን ሄዷል፤ «ታርጋ» እና «ቦሎ» የእርሱ ናቸው፤ «ሊብሬ» ደግሞ «መጽሐፍ» ከሚለው የላቲን ሥር የወረደ ነው። እስከ ዛሬ መኪና ያለው ሰው ሰነዱን በባዕድ ስም፣ የመንዳት ሥልጣኑን በግእዝ ስም ይጠራል።

ለጎጃም ገበሬ ወረቀቱ ሥጋ የሆነበት ዓመት 1960 ዓ.ም. ይመስለኛል። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ፤ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሡ። ስለ ግብሩና ስለ መሬት ልኬት ሥጋት ብዙ ተብሏል። ከቅሬታዎቹ መካከል ግን በጠቅላይ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ዘመን የመጣው የጦር መሣሪያ ምዝገባና የምዝገባው ክፍያ ነበረበት። ይህ ለውጭ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ለጎጃሜው ግን ጠመንጃው ከአባቱ የወረሰው ወይም ከጣሊያን የማረከው ነው፤ አርበኛ ሲባል ማንም ፈቃድ አልጠየቀውም ነበር። አሁን ያንኑ ብረት በመዝገብ አስገብቶ ገንዘብ ከፍሎ ወረቀት ያዝ ሲሉት የሰማው «ይህ ያንተ አይደለም፤ በኔ ፈቃድ ነው በእጅህ ያለው» የሚል ነው። ዛሬ ቢመዘገብ ነገ ይወሰዳል ብሎም ሠጋ። አንድ ነገር መብት ሆኖ ሳለ ወደ ፈቃድ ሲወርድ የሚሰማውን ድምፅ በዚያ ዓመት ሰምተናል። መንግሥት በስተመጨረሻ ገዥውን አነሣ፤ ግብሩንም ማስከፈል አልቻለም።

ከዚያ ደርግ መጣ። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራትን፣ የከተማው አዋጅ ደግሞ ቀበሌዎችን ወለደ። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ የነበረውን ደስታ የሚያስታውሱ አባቶች እዚህ ተቀምጠዋል፤ ያንን አልክድም። ነገር ግን እነዚሁ ማኅበራት የይለፍ ወረቀት ሰጪ ሆኑ። እኔ ልጅ ሳለሁ አዋቂዎች ራቅ ወዳለ አገር ሲነሡ ከስንቁ በፊት የሚፈለገው ያ በአራት የተጣጠፈ ወረቀት ነበር። በከተማ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ «እላፊ» እና «ይለፍ» በአንድ ሌሊት ተጋጠሙ። ከሰዓቱ ያለፈ ይለፍ ካልያዘ አያልፍም። ከአገር ለመውጣት ደግሞ የመውጫ ቪዛ ነበረ፤ ዳ ኮቪልያ ቢነሣ ያውቀው ነበር።

«ይለፍ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ቆም ብለን እንየው። ሦስተኛ መደብ ነው። ለመንገደኛው አይናገርም፤ ስለ መንገደኛው ለዘበኛው ይናገራል። ባለቤቱ ወረቀቱን ይሸከማል፣ ንግግሩ ግን በሁለት ባለሥልጣናት መካከል ነው። ይህ የኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች «ፓስ» የሚባለውን መጽሐፍ ሁልጊዜ መያዝ ግዴታቸው ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 21 ቀን 1960 በሻርፕቪል ይህን ሕግ ለመቃወም በወጡት ላይ ፖሊስ ተኩሶ 69 ሰው ገደለ፤ ከቀናት በኋላ ኔልሰን ማንዴላ የራሱን ፓስ በአደባባይ አቃጠለ። በ1962 ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ደግሞ ኢትዮጵያ በዴቪድ ሞትሳማዪ ስም ፓስፖርት ሰጠችው። የገዛ አገሩን ወረቀት ያቃጠለ ሰው የሌላ አገር ወረቀት ይዞ ተጓዘ፤ ልዩነቱ፣ አንዱ ወረቀት «ይህን ሰው ተቆጣጠሩት»፣ ሌላው «ይህ ሰው ከኔ ጋር ነው» የሚል መሆኑ ነው። ሁለተኛው የባልደረባ ቃል ነው።

የሕጉስ ታሪክ? በእንግሊዝ አገር ከማተም በፊት ፈቃድ ማግኘት በ1643 እና በ1662 በወጡ ሕጎች ግዴታ ሆኖ ነበር። ጆን ሚልተን በ1644 «አሪዮፓጂቲካ» በተባለው ድርሰቱ ተሟገተው። ሕጉ የወደቀው በ1695 ሲሆን፣ ማንም በአዋጅ አልሻረውም፤ ፓርላማው ሳያድሰው ቀረ። ፈቃድ አንዳንድ ጊዜ እንዲህም ይሞታል። በኛ አገር የቅድሚያ ምርመራ፣ ማለት ሳንሱር፣ በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ተከለከለ። የመዘዋወር ነፃነት ደግሞ በ1923ቱ ሕገ መንግሥት በሕግ ወሰን ውስጥ ለተገዥዎች ተሰጠ፤ በ1948ቱ ተደገመ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ግን አንድ አዲስ ነገር አለ። ኢትዮጵያዊ በአገሩ ውስጥ የመዘዋወርና መኖሪያውን የመምረጥ፣ እንዲሁም በፈለገ ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት አለው ይላል። «በፈለገ ጊዜ»፦ ማን? መንገደኛው። ያ የጥንቱ «ፈቀደ»፣ ያ መሻት፣ ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ ለመንገደኛው ተሰጠ። በወረቀት ላይ ቢያንስ እንዲህ ሆኗል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰዓት እላፊ የመደንገግና እንቅስቃሴ የመገደብ ሥልጣንን ይዞ እንደመጣ ደግሞ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

አሁን ወደ ቁይ ልመለስ። ከዚህ ወረዳ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ለመኖር የሚሄድ ወጣት፣ በሄደበት መታወቂያ ለማውጣት ከቀበሌው መሸኛ ያስፈልገዋል። መሥሪያ ቤት ከቀየረ «ክሊራንስ» ይባላል፤ እርሱም «ጥርት ያለ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ከዕዳ የጠራ እንደማለት። ልብ በሉ፤ ሸኚው ለተሸኚው ስንቅ ይሰጥ የነበረበት ቃል ዛሬ ዕዳ መቁጠሪያ ሆኗል። ግብር ገብተሃል ወይ፣ መዋጮ ከፍለሃል ወይ፣ የማዳበሪያ ቀሪ የለብህም ወይ። የመንግሥትን ገንዘብ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ግን ዕዳ ለማስከፈል ሕግና ፍርድ ቤት አለ። የሰው መንገድ መያዣ ሊሆን አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ መኖሪያን መምረጥ በአንቀጽ 32 ያለ መብት ከሆነ፣ መሸኛ የመንገደኛው ገንዘብ እንጂ የጸሐፊው ችሮታ አይደለም።

ሕጉ ራሱ አንዳንድ ቦታ ይህን አስታውሷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሲለቅ፣ ወይም በጠየቀ ጊዜ፣ የሠራውን ሥራና የአገልግሎት ዘመኑን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው አሠሪውን ያስገድዳል። የላተራኑን ጉባኤ አስታወሳችሁ? ከ800 ዓመት በላይ ልዩነት፣ አንድ ዓይነት በር ጠባቂ፣ አንድ ዓይነት ክልከላ። የመንጃ ፈቃድ የምንለው ወረቀትም በሕግ ስሙ «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ነው። ረጅም ነው፤ ሾፌር አይጠራውም። ነገር ግን በውስጡ ሁለቱ አባቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ «ብቃት ማረጋገጫ» የቅኔ ቤቱ ምስክር ነው፣ «ፈቃድ» የቤተ መንግሥቱ መሻት። ፈታኙ መኪናውን ሳያስነዳ ከፈረመ፣ መሻቱን ሰጥቷል፤ ምስክርነቱ ግን ሐሰት ነው፤ ተሳፋሪው የሚሳፈረው ደግሞ በምስክርነቱ ላይ ነው። የወጣቶቹ ስልክ ላይ «የይለፍ ቃል» የሚለውን ስታዩም ይኸው ነው፤ ያ የገበሬ ማኅበሩ ወረቀት አሁን ስድስት ወይም ስምንት ፊደል ሆኖ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ለራሱ የሚጽፈው ይለፍ ሆኗል።

በቀበሌ መሸኛ ግርጌ፣ ከማኅተሙ በላይ፣ ሁልጊዜ የሚጻፍ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ለአመልካቹ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት የሚጠይቅ። ጸሐፊው ከልማድ ይጽፈዋል፤ ተቀባዩ ቢሮም ሳያነብ ያልፈዋል። እኔ ግን ሳነበው የምሰማው ያንን የጌታ መልእክተኛ ነው፤ ከእንግዳው ፊት ፊት እየሄደ ለመንደሩ ሹም «ይህ የኛ ሰው ነው፤ እንጀራውን አቅርቡ፣ ማደሪያውን አሳዩት፣ እስከ ዓባይ መሻገሪያ ድረስም አብራችሁት ሂዱ» የሚለውን። ከዚያ ሁሉ ሥርዐት የተረፈችው ይህች አንዲት መስመር ናት፤ በየቀኑም ሳንሰማት እንፈርምባታለን።

አባቶች ስለ ኬላና ስለ ባሶ ገበያ የሰማችሁት ካለ፣ ከጥያቄው በፊት እርሱን ብሰማ ደስ ይለኛል።